ከመጋረጃ ጀርባ ያሉት 14 ልጆች፦ የትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ የ2015 ዓ.ም. ዘገባ

የወላጆች ቀን ፎቶዎችን አይታችኋል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እስካሁን አሉ። ንጉሡ አለ፣ ንግሥቲቱ አለች፣ አጃቢው ሁሉ አለ። 14 ልጆች ግን የትኛውም ፎቶ ላይ የሉም። ጥቁር ለብሶ ጨለማ ውስጥ የሚቆም ልጅ ፎቶ አይወጣም። ሥራቸውም እንዳይታዩ ነው። ስለዚህ እኔ የክበቡ መምህር ዘንድሮ ስለ ተዋንያኑ ጥቂት፣ ስለ እነሱ ብዙ እጽፋለሁ። ተዋንያኑ ጭብጨባቸውን አግኝተዋል፤ ይገባቸዋልም።

የተለመደውን ቶሎ ልጨርስ። ዓመቱን በ41 አባላት ጀመርን። 27ቱ ተዋንያንና ጸሐፊዎች ናቸው፣ 14ቱ የመድረክ ሠራተኞች። ምርጫ ጥቅምት ላይ አካሄድን። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን፤ በፈተና ሰሞን ብቻ ቀረ። ሁለት ትልልቅ ዝግጅቶች አቀረብን፦ አንዱ የዓድዋ፣ አንዱ የወላጆች ቀን። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ጽሕፈት ቤት ገብቷል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ኅዳር ላይ የክበባት በጀት ሲታይ አንድ ጥያቄ ተጠየቅሁ። «የቴአትር ክበብ ፕላስተርና የባትሪ ድንጋይ ምን ያደርግለታል?» የአልባሳቱ ገንዘብ ጸደቀ፣ የመድረክ ቁሳቁሱ ተሰረዘ። ጠያቂው ክፉ አስበው አልነበረም። ከአዳራሹ ወንበር ሆኖ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ካባው ላይ ነው። እኔም ያን ቀን በቅጡ አላስረዳሁም። ዘግይቶም ቢሆን መልሱ ይኸው።

የዓድዋ ዝግጅታችን የካቲት 22 ነበር። ዙፋኑ የሚቀመጥበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግን። ሌላ ነገር አልነበረንም። በመጀመሪያው ትዕይንት ፉከራ አለ። ሃያ ልጅ ወለሉን እየረገጠ ሲፎክር ጠመኔው ድራሹ ጠፋ። የመድረክ ልጆቹ በጨለማ ዙፋኑን በግምት አስቀመጡት። መብራቱ ሲበራ አጤ ምኒልክ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ ባዶ ወለል ላይ ወድቋል። ትንሽ ቆይቶ የእቴጌ ጣይቱ ማይክ ሞተ። ድንጋዮቹን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የተዋስናቸው፣ ብዙ የሠሩ ነበሩ። መጨረሻ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በኤክስቴንሽን ገመድ ተጠልፎ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ አልከፋም። 220 ቮልት የሚሄድበት ገመድ ነው፤ ወለሉ ላይ መለጠፍ ነበረበት። የምንለጥፍበት አልነበረንም። ያን ልጅ ሳልጠብቀው የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ወላጆቹንም ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ስለ ፕላስተሩ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ማንኛውም የሚለጠፍ ነገር የሚበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይለጠጣል፤ ሲነሳ ሙጫው ወለል ላይ ይቀራል። ካርቶን የሚታሸግበት ስኮች መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። የመድረክ ሰዎች ጋፈር ቴፕ የሚሉት የጨርቅ ፕላስተር ሌላ ነው። ጥቁር ነው፣ አያብረቀርቅም። በእጅ ይቀደዳል፣ መቀስ አያስፈልገውም። ቶሎ ከተነሳ ወለሉን አያበላሽም። አንዱ ጥቅል 50 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለገመድ በርዝመቱ ይለጠፋል። ለዙፋን ደግሞ ባለቀለም ሁለት ቁራጭ ይበቃል፤ የኋላ እግሮቹ የሚያርፉበት ማዕዘን ላይ። ለየትዕይንቱ የተለየ ቀለም ከሆነ ልጆቹ በደብዛዛ ብርሃንም አይሳሳቱም። ፉከራም አያጠፋውም።

መጋቢት ላይ 14ቱን ይዤ ብሔራዊ ቴአትር ሄድኩ። ገንዘብ ስለሌለን በእግር ነው። ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል ይዘን፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን። የአንበሳው ሐውልት ጋ ስንደርስ ሁሉም ፎቶ ካልተነሳን አሉ፤ አነሳኋቸው። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ እንደተከፈተ ያውቃሉ፤ ከታሪክ መምህራቸው ሰምተዋል። እኔ ላሳያቸው የፈለግሁት ግን ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ነው።

ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ አንድ ሠራተኛ ተቀበሉን። ልጆቹ ወዲያው «ጋሼ» አሏቸው። ጋሼ ብዙ አላወሩም። ወገባቸው ላይ ያለውን ቦርሳ ፈቱና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ትንሽ ባትሪ፣ መስተዋቱ በሰማያዊ ላስቲክ የተሸፈነ። ፒንሳ። ካቻቪቴ። አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ፣ እጀታው ላይ ሲባጎ የታሰረበት። የፕላስተር ጥቅል። መርፌ ቁልፎች፣ መርፌና ክር። የተቀረጸ እርሳስና አንዲት ደብተር። የቁስል ፕላስተር።

ልጆቹ በየተራ ጠየቁ። ሰማያዊው ለምንድን ነው? ነጭ ብርሃን በመጋረጃው ስንጥቅ ወጥቶ ተመልካች ያየዋል፤ የተዋናዩንም ዓይን ይወጋል። ሲባጎውስ? መሰላል ላይ ሲወጡ የእጅ አንጓቸው ላይ ያስሩታል። ከላይ ያመለጠ መፍቻ ታች የቆመውን ሰው ይገድላል። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ ያልሆነውስ? መብራት የሚበራበትና መጋረጃ የሚከፈትበት ቦታ እስከ መጨረሻው ልምምድ ይቀያየራል፤ የሚጠፋ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዕቃውን ሁሉ መልሰው ከተቱና ቦርሳውን ለአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰጧት። ስሟን አልጽፍም፤ እሷም እንዲጻፍ አትወድም። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ከማይሰማ ልጆች አንዷ ናት። ወደ ክበባችን የመጣችውም መድረክ ላይ ላለመውጣት ቃል ካስገባችኝ በኋላ ነው። ጋሼ «ዓይንሽን ጨፍኚና ፒንሳውን አውጪልኝ» አሏት። ቆየች። ዳበሰች። ካቻቪቴ አወጣች። ቦርሳውን ተቀበሏት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፒንሳው እጃቸው ላይ ነው። «ልጄ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አድርጊው» አሏት። «ጨለማ ውስጥ በእጅሽ ነው የምታይው።»

ስንመለስ ቸርችልን ሽቅብ ነው። ሌሎቹ እያወሩ፣ እየተጓተቱ ይወጣሉ። እሷ አንድ ቃል ሳትናገር ፒያሳ ደረስን። ተከፍታ መሰለኝ።

አልተከፋችም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስት አሮጌ ጂንስ ሱሪ ይዛ መጣች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእነዚያ ሱሪዎች ስድስት የወገብ ቦርሳ ሰፉልን፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ። የስድስቱም ኪስ አሰፋፍ አንድ ነው። በቀኝ የመጀመሪያው የባትሪ፣ ቀጥሎ የመርፌ፣ መሃል ፒንሳና ካቻቪቴ፣ በግራ እርሳስና ደብተር። ፕላስተሩ በውጭ በኩል በማንጠልጠያ። ማንኛውም ልጅ የማንኛውንም ልጅ ቦርሳ ቢታጠቅ እጁ አይሳሳትም። ይህን ያሰበችው ልጅቷ ናት። ለእናቷ በክበቡ ስም ትልቅ ምስጋና አቀርባለሁ።

ዕቃውን ከወላጆች መዋጮና ከመምህራን ኪስ ሰብስበን ከመርካቶ ገዛን። ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩ አንድ ወላጅ ሁለት ጥቅል የጨርቅ ፕላስተር ሰጡን። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ ዓይናቸውን በስካርፍ እያሰሩ ዕቃ ማውጣት ተለማመዱ። መሰላል ላይ እኔ ብቻ ነኝ የምወጣው፤ ስወጣም ከሥር ማንም አይቆምም። ለማይክ በየዝግጅቱ አዲስ ድንጋይ ይገባል፤ ግማሽ የሠራው ለልምምድና ለእጅ ባትሪ ይሄዳል። ጥቁር ቲሸርት የሌለው ከቤቱ ተዋሰ። የታላቅ ወንድሙን ጃኬት ለብሶ የመጣም ነበር።

ሰኔ 3 ቅዳሜ፣ የወላጆች ቀን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ሁለተኛው ትዕይንት ሊጀመር ነው። መድረኩ ላይ አንዲት ልጅ በክራር ታንጎራጉራለች፤ ዘፈኗ ሲያልቅ ንጉሡ ይገባል። ንጉሡ ካባውን ደርቦ በቀኝ በኩል ባለው በር አጠገብ ቆሟል። ዞር ሲል ካባው መቃኑ ላይ በወጣ ሚስማር ተያዘ። ጨርቁ ሲተረተር ሰማሁት። ከትከሻው እስከ ብብቱ ተቀደደ፣ ጥልፉ ተንጠለጠለ። የልጁ ዓይን እንባ ሞላ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ላበራ ስል አንዲት ትንሽ እጅ ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ እንዳያበሩት። ይታያል።»

እሷ ነበረች። ወደ ቦርሳዋ እንኳ አላየችም። እጇ ሁለተኛው ኪስ ገባና አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ጨርቋ ላይ አራት መርፌ ተሰክቷል፤ ሁለቱ በጥቁር ክር፣ አንዱ በነጭ፣ አንዱ በቢጫ። ክሩ አስቀድሞ ገብቷል፣ ጫፉ ተቋጥሯል። ጨለማ ውስጥ ክር የሚያስገባ እንደማይኖር አስባ ቤቷ የሠራችው ነው። ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ በዚያች ሰማያዊ ብርሃን፣ ልጁን «እንዳትተነፍስ» አለችና መስፋት ጀመረች። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ወጋች። የክራሩ ዘፈን የመጨረሻው ስንኝ ላይ ደርሷል። ክሩን በጠሰች። ጀርባውን በመዳፏ ገፋ አድርጋ «ሂድ» አለችው።

ገባ። እልልታው ቀለጠ። ካባው ምንም አልሆነም።

ላመሰግናት ስዞር የለችም። በሩ ሥር ተንበርክካለች። ሚስማሩን በፒንሳ ልትነቅል ትታገላለች። እምቢ ሲላት አጠፈችውና ፕላስተር ቀድዳ፣ ደርባ ለጠፈችበት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሦስተኛው ትዕይንት ንግሥቲቱና ሰባት ደንገጡሮች ረጃጅም ቀሚስ ለብሰው በዚያው በር ይገባሉ። እኔ የተሰፋውን ካባ እያየሁ ደስ ብሎኝ ቆሜአለሁ፤ እሷ ስምንቱን ቀሚስ አስባለች። ከዚያ እርሳሷን አውጥታ ደብተሯ ላይ ጻፈች። በኋላ አሳየችኝ። «ቀኝ በር፣ ሚስማር። ሰኞ ይነቀል» ይላል።

ሰኞ ከሰልፍ በፊት መዶሻ ይዛ መጥታ ነቀለችው።

ሌላም ልጅ አለ። በመድረኩ ግራና ቀኝ ያሉት ልጆች የሚነጋገሩበት ነገር የላቸውም። የተማሪ ስልክ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ደንብ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ስለዚህ «መጋረጃውን ያዝ» ለማለት አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በአዳራሹ ጓሮ ዞሮ ይሮጣል። የካቲት ላይ የወደቀው ልጅ ነው። ሰኔ 3 ዝናብ ነበር። አምስት ጊዜ ዞረ። መጨረሻ ላይ ውኃው ከጸጉሩ እየተንጠባጠበ ቆሞ «ቲቸር፣ ሌላ መልእክት አለ?» አለኝ። ጥንድ የመገናኛ ሬዲዮ ቢኖረን ይህ ልጅ ዝናብ ውስጥ አይሮጥም ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲወጣ የምጠይቀው አንድ መስመር ነው፤ «የመድረክ ቁሳቁስ» የሚል። የጨርቅ ፕላስተር አራት ጥቅል፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ጥንድ ሬዲዮ። ለካባው የወጣው ገንዘብ የፕላስተሩን የዓመት ወጪ ይችል ነበር። ካባውም ያስፈልገናል፤ አንዱ ለአንዱ ይሰረዝ አልልም። ግን ያን ቀን ካባውን ያተረፈው ከቤት የመጣ መርፌና ክር ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ይህን እንዲያይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ሳጥኑን ቆጠርን። የጨርቅ ፕላስተር፣ ግማሽ ጥቅል። ፒንሳ፣ ሦስት። ካቻቪቴ፣ አምስት፤ አንዱ እጀታው ተሰንጥቋል። አዲስ የባትሪ ድንጋይ፣ የለም። የወገብ ቦርሳ፣ ስድስት። ከ14 ልጆች ስምንቱ ዕቃቸውን ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው ዓመቱን የጨረሱት። ቦርሳዎቹን የሰፉልን እናት ጨርቅ ከመጣላቸው ስምንቱን ጨምረው እንደሚሰፉ ነግረውናል። ቤታችሁ የማይለበስ ጂንስ ካለ፣ እስከ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ድረስ ሚኒ ሚዲያ ክፍል አድርሱልን። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቢሆን ይመረጣል።