«አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?» ላልከኝ

ዋሪያ! እንዴት ነህ አቦ? ጠፋፋን እኮ። አንተም አልደወልክ፣ እኔም አልደወልኩ። ማን ቀድሞ ዘጋ የሚለውን ካነሳን ሌላ ዓመት ይሄዳልና እሱን እንለፈው። እናትህ ደህና ናቸው። ባለፈው ከዚራ አግኝቻቸው «ይደውልልሃል ያ ልጅ?» ሲሉኝ «በዋትስአፕ እንጻጻፋለን» ብያቸዋለሁ፣ እንዳታጋልጠኝ። ድሬ ያው ናት፣ ሙቀቱም ያው ነው።

የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። መጨረሻ ያወራን ጊዜ ስለ ምርጫ ተከራክረን «ዜግነቱንስ ወሰድኩ፣ ግን የኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች ብዬ ነው ከሥራ አስፈቅጄ የምሰለፈው?» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? መልስ አጥቼ ዝም አልኩህ። አሁን ግን መልሱን ያገኘሁት እዚያው አሜሪካ፣ አንተ ያለህበት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው።

ኒውፖርት ኒውስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች አይደል? በእናንተ 2017፣ በኛ ጥቅምት 28 ቀን 2010፣ ለስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ነበር። የዚያ የአንዱ ወረዳ ወንበር ላይ የነበረው ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ነው። ልትነጥቀው የመጣችው ደግሞ ዴሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ። መጀመሪያ ሲቆጠር ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ድጋሚ ይቆጠር ተባለ፣ ተቆጠረ። ታኅሣሥ 10 ቀን ነገሩ ተገለበጠ፦ ሲመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607። በአንድ ድምፅ! የተቃራኒው ፓርቲ መሪዎች ሳይቀሩ እንኳን ደስ አለሽ አሏት።

በማግስቱ ሦስት ዳኞች ፊት አንዲት ወረቀት ቀረበች። ቆጣሪዎቹ ዋጋ አልባ ብለው የለዩዋት ናት። መራጩ የሁለቱንም ዕጩዎች ክብ አጥቁሮ፣ ከዚያ የሲመንድስ ላይ ጭረት አድርጎበታል። በሌሎቹ ቦታዎች የመረጠው ሪፐብሊካኖችን ነው። ታዲያ ለአገረ ገዢነት የመረጠው ሰው ክብ ላይም ኤክስ አለበት። አሁን ይሄ ጭረት «ተሳስቻለሁ፣ ሰርዙልኝ» ነው ወይስ «ልብ በሉ፣ ይሄን ነው የመረጥኩት»? እኔ ፎቶውን ስልኬ ላይ እያጎላሁ ስንት ጊዜ አየሁት መሰለህ፣ ሊገባኝ አልቻለም። ዳኞቹ ግን «ሐሳቡ ያንሲ ነው» አሉና ቆጠሩለት። 11,608 ለ11,608።

እኔን የሚከነክነኝ ዳኞቹ የመራጩን ሐሳብ ለማወቅ መሞከራቸው አይደለም፤ እሱማ ተገቢ ነው፣ እስክሪብቶ የሳተው ሰው ሁሉ ድምፁ ገደል ይግባ አይባልም። ግን ወረቀቷ እንደገና የታየችው ውጤቱ በአንድ ድምፅ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ያኔ ማንም ቢሆን ወረቀቷን ሲያይ የሚታየው ጭረቱ አይደለም፣ ወንበሩ ነው። ለሲመንድስ ተፈርዶ ቢሆንም ይሄንኑ ነበር የምልህ፣ እመነኝ።

ከዚያስ? ሕጋቸው እኩል ከወጣ በዕጣ ይለይ ይላል። ታኅሣሥ 26፣ እኛ ለገና ዶሮ ስንገዛ፣ እነሱ የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ ዕጣ አወጡ። የሁለቱን ስም ጽፈው፣ ድሮ የካሜራ ፊልም በሚመጣባት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ለየብቻ ከተው፣ ከሥነ ጥበብ ሙዚየም በመጣ የሸክላ ሳህን ውስጥ አደረጉት። የምርጫ ቦርዱ ሊቀ መንበር እጁን ሰደደ። ያንሲ ወጣ።

በቪዲዮ ሳየው የኛ ኮኔል ሰፈር ያለው ዕቁብ ነው ድቅን ያለብኝ። ባለፈው እሁድ አንዱ ነጋዴ «ይቺ ወረቀት ወፍራም ናት፣ በእጅ ትታወቃለች» ብሎ ግግም አለ። እውነቱን ነው፣ ከደብተር ሽፋን የተቀደደች ነበረች። ሁሉንም እንደገና ከአንድ ሉክ ቀደን፣ ጠቅልለን፣ ብርጭቆ ውስጥ ጨምረን፣ የባለሱቁን ትንሽ ልጅ ጠርተን እሱ አወጣ። ልጅ ምን ያውቃል፣ ለማን ያዳላል? ስለዚህ እነሱ ፊልም ዕቃ መጠቀማቸውን ወድጄዋለሁ፣ ሊቀ መንበሩ በራሱ እጅ ማውጣቱን ግን አልወደድኩትም። ደግሞ ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልደረሰህ ነገ ይደርስሃል። ሲመንድስ ግን ሁለት ዓመት ጠብቃ እንደገና መወዳደር ነበረባት። ተወዳደረችም። በእናንተ 2019 ያንኑ ያንሲን በሕዝብ ድምፅ አሸንፋ ገባች፣ ያውም ያለምንም ዕጣ።

ይቺ አንድ ወንበር ተራ ወንበር እንዳትመስልህ። ምክር ቤቱ 100 መቀመጫ ነው ያለው። ከምርጫው በፊት ሪፐብሊካኖቹ 66 ለ34 ነበር የሚመሩት፣ ከዕጣው በኋላ 51 ለ49 ሆኑ። ሲመንድስ ቢወጣላት 50 ለ50 ይሆን ነበር። አንተ «ሁሉም ያው ነው» ባይ ስለሆንክ ነው ይሄን የምነግርህ። ዓመታት የታገደው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሕክምና ሽፋን ማስፋፋት የጸደቀው በዚያው በተሸራረፈ ምክር ቤት በእናንተ 2018 ነው፤ የተወሰኑ ሪፐብሊካኖች ተቀላቅለው። ያ ሽፋን ከመጣ በኋላ ስንቱ ሐበሻ ሐኪም ቤት እንደሄደ አንተ ታውቀዋለህ።

እኛ ድሬዎች እኮ ለተወካዮች ምክር ቤት ያለን ሁለት ወንበር ነው፣ ከ547ቱ። እንዲያም ሆኖ በኛ 2013 ሰኔ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ተሰልፌ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ተመልሻለሁ። ሚስቴ ስትስቅብኝ ዋለች።

አንተ ያለኸው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ የዚያ ወረዳ ዕዳ የለብህም፣ አልከስህም። ግን እዚያ ከተማ ያን ቀን ዝናብ አለ፣ ሥራ አለ፣ ደክሞኛል ብለው ቤት የቀሩትን ሰዎች አስባቸዋለሁ። አንዱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሳህኑም ዕጣውም አይመጣም ነበር።

እናንተ ጋ የዚህ ምክር ቤት ምርጫ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት ነው። ተመዝግበሃል ወይስ አልተመዘገብክም? ቁርጡን ንገረኝ። ስትደውል በእናንተ ጠዋት አድርገው፣ እኔ አመሻሽ ላይ ከሥራ ወጥቼ ኔትወርኩ ከፈቀደ አነሳለሁ። ለእናትህ ግን ቀድመህ ደውል። ሪችመንድ ከሄድክ ደግሞ ሙዚየሙ ገብተህ ያ ሳህን ይታይ እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ የዕቁባችን ዳኛ ፎቶውን አምጣ ብሎ ይዞኛል።

አብሮ አደግህ፣ ከድሬ