አገር በቀል ዕውቀት ለጌጥ አይግባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሳይንስ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ስለ ብርሃን ስብረት ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ አያቴ ጨረቃ ዙሪያዋ ክብ ከታየ ዝናብ ይመጣል ትላለች፤ እውነት ነው?" አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም "እሱን ተይውና ወደ ትምህርታችን እንመለስ" ብዬ አለፍኳት።

እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ክብ የሚፈጠረው እኮ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ባለ ስስ ደመና ውስጥ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን ሲሰብሩት ነው፤ እንዲህ ያለው ደመና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዝናብ ቀድሞ ይመጣል። ልጅቷ የጠየቀችኝ የዕለቱን ትምህርት ራሱን ነበር።

አገር በቀል ዕውቀት በሳይንስ ትምህርት ይካተት ሲባል ምዕራፉ መጨረሻ ላይ "የጥንት ሰዎች እንዲህ ያምኑ ነበር" የምትል አንቀጽ ጣል ተደርጋ ከቀረች ባይካተት ይሻላል። ለምን እንደሚሠራ ይጠየቅ!

የፔሩና የቦሊቪያ ደጋ ገበሬዎችን እንይ። ሰኔ ላይ ሳይነጋ ወጥተው ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉትን ያያሉ። ደብዝዘው ከታዩ ዝናቡ ይዘገያል፣ ያንሳልም ብለው የድንች ተከላውን ያራዝማሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን ሲመረምር፣ ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) ባለበት ዓመት ለዓይን እንኳ የማይታይ ስስ ደመና ከፍታ ላይ በዝቶ ኮከቦቹን እንደሚያደበዝዝ፣ ያው ኤል ኒኞ ደግሞ ከወራት በኋላ ዝናቡን እንደሚቀንሰው አሳየ። ብርሃን፣ ደመና፣ ውቅያኖስ፣ እርሻ፣ ሁሉም እዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ አለ። ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ትምህርት ከየት ይመጣል?

አባቶች ያሉት ሁሉ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ባህላዊ ቅመማዎችን ሲፈትሹ አብዛኞቹ አልሠሩም። ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንድ የቻይና የሕክምና ጽሑፍ ግን አርቴሚሲያ የተባለውን ተክል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጭመቅ ይላል እንጂ ማፍላት አይልም። ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው ብለው በዝቅተኛ ሙቀት ሞከሩት፣ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ማክበርም መፈተሽም ይቻላል።

መምህራን ግን ሥልጠና እንፈልጋለን። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጠውም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።

ያቺን ተማሪ ዛሬ ባገኛት ደብተር ያዢ ነበር የምላት። ክቡ የታየበትን ሌሊት ሁሉ መዝግቢ፣ በማግስቱና በሠልስቱ ዘንቦ እንደሆነ ጻፊ፣ ክቡ ሳይታይ የዘነበበትንም እንዳትረሺ፤ ከሁለት ወር በኋላ አብረን እንቆጥረዋለን፣ አያትሽንም ይዘሻቸው ነይ።

አንድ የሳይንስ መምህር