ካሜራ ሊተከል ነው ላልሽኝ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ ሆነን። ፈረቃው፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ ድካሙ ሲደራረብ እንዲሁ ቀረ። የድምፅ መልእክትሽን ስሰማ ግን ትናንት የተለያየን ነው የመሰለኝ።

ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ወጥታችሁ ትንሽ ከተማ መግባታችሁ ደስ ብሎኛል። ልጆቹ መሮጫ አገኙ ማለት ነው። ከተማዋ መንገድ ላይ ካሜራ ልትተክል እንደሆነና ምክር ቤቱ ነዋሪውን ሊሰማ እንደሆነ ነግረሽኛል። «አንቺ ሜሪላንድ ኖረሽ ለምደሽዋል፤ ልደግፍ ወይስ ልቃወም?» አልሽኝ። ነገሩ በሁለት ደቂቃ ድምፅ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እኔ ከአንዱ አረጋዊ ቤት ወደ ሌላው ስነዳ ነው የምውለው። በየመንደሩ የፍጥነት ካሜራ አለ። የቅጣት ትኬትም ደርሶኛል። ፖስታውን ስትከፍቺው ሁለት ፎቶ አለ፦ በአንዱ መኪናሽ ወዲህ፣ በሌላው ትንሽ ገፋ ብላ። ታርጋሽ ለብቻው ጎልቶ ወጥቷል። ከሥሩ ፍጥነት፣ ቀን፣ ሰዓት። እዚህ የሚቀጣው ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 12 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ ነው። ለብዙ ዓመት ቅጣቱ 40 ዶላር ነበር፤ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ እየጨመረ እስከ 425 ይደርሳል። መንጃ ፈቃድሽ ላይ ነጥብ አይያዝብሽም፣ ኢንሹራንስሽንም አይነካም።

ከፍዬዋለሁ፤ ቅር አላለኝም። ምክንያቱን ልንገርሽ። ቤቴ አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት ታስታውሺዋለሽ? ቁልቁለቱ ሥር ያለውን? ጠዋት ጠዋት መኪናው እየተምዘገዘገ ይወርድና ምልክቱ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። የኋላ መብራቶቹ ተራ በተራ ቀይ ይሆናሉ። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው፣ እየተጓተቱ ይሻገራሉ። የኛ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ካሜራ የጀመረው በ2007 ነው። በ2015 የወጣ ጥናት ካሜራ ባለባቸው መንገዶች የሚደርስ አደጋ ሰው የመግደል ወይም ክፉኛ የመጉዳት ዕድሉ 19 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። አገር ቤት መኪና ያልነጠቀው ቤተሰብ ጥቂት ነው። እኔና አንቺ ይህን ቁጥር ቀላል ነው ልንል አንችልም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ ከሆነ እጅሽን አውጥተሽ ደግፊ። ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ ግን ሳትጠይቂ አትመለሺ።

ኦሃዮ ውስጥ ኤልምዉድ ፕሌስ የምትባል መንደር አለች፤ ነዋሪዋ 2,000 ገደማ ነው። በ2012 ካሜራ አስተከለች። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከ6,600 በላይ ትኬት ወጣ። ከነዋሪው ቁጥር ሦስት እጥፍ በላይ! አንዱ ትኬት 105 ዶላር ነበር፣ ከዚያ ላይ 40 በመቶውን የሚወስደው ካሜራውን ያመጣው ኩባንያ ነው። ሰው መንደሯን መሸሽ ጀመረ። የሱቆቹ ደንበኛ ቀነሰ። እኔን ያንገበገበኝ ግን የቬትናም ስደተኞች የሚሰበሰቡባት የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ነገር ነው። ለጸሎት የመጡ ምእመናን ትኬት በትኬት ሆኑ፤ ቄሱም ሲሶው ምእመን ቀረብን ብለው ተናገሩ። እስቲ አስቢው፣ የኛ ሰው እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሊያስቀድስ ወጥቶ በሳምንቱ 105 ዶላር ክፈል ሲባል! በ2013 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኛው አሠራሩን ከካርታ አጭበርባሪ ጨዋታ ጋር አመሳስለው አስቆሙት። በኋላም ገንዘቡ ለሰው እንዲመለስ አዘዙ።

ኩባንያው በትኬት ቁጥር የሚከፈለው ከሆነ ሰው ቀስ ብሎ ሲነዳ ይከስራል። እንዲህ ያለ ውል መንገድ ደህና እንዲሆን አይመኝም። ሜሪላንድም ይህን በ2014 በሕግ አስተካክላለች። ከዚያ በፊት ባልቲሞር ውስጥ የሆነውን ስሚ። በ2012 አንድ ሰው 25 ማይል በሚነዳበት መንገድ 38 ነድተሃል የሚል ትኬት ደረሰው። ቪዲዮው ሲታይ መኪናው ቀይ መብራት ይዞት ቆሟል። የፍሬኑ መብራት በርቷል፤ ሌሎች መኪኖች ከፊቱ እያቋረጡ ያልፋሉ። ፖሊስ አይቶ አረጋግጧል ተብሎ ተፈርሞበታል። ከተማዋ በዓመቱ ካሜራዎቹን ሁሉ አጠፋች። ቪዲዮ ባይኖር ያን ሰው ማን ያምነው ነበር? እንግሊዝኛው የማይቀናው የኛ አዛውንት ቢሆንስ?

ሌላ ደግሞ አለ፤ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። «ካሜራ» ሲሉሽ የትኛውን እንደሆነ አጣሪ። ጥቁር ምሰሶ ላይ፣ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ከላዩ ያለበት አይተሽ ይሆናል። ፍሎክ የሚባለው የአትላንታ ኩባንያ በየትንሹ ከተማ ያዳረሰው ነው። ይሄኛው ፍጥነት አይለካም። ጥፋት ኖረሽም አልኖረሽም፣ ያለፈውን መኪና ሁሉ ከኋላ ያነሳል፤ ታርጋውን፣ ዓይነቱን፣ ቀለሙን ይመዘግባል። መዝገቡ በአብዛኛው 30 ቀን ይቀመጣል። ከተሞቹ እርስ በርስ ስለሚጋሩት፣ ያንቺ መንደር ያነሳውን ሌላ ስቴት ያለ ፖሊስ ሊፈልግበት ይችላል።

ካንሳስ ውስጥ ሴጅዊክ በምትባል ትንሽ ከተማ የፖሊስ አዛዡ ራሱ የቀድሞ ፍቅረኛውንና የአዲሱን ወዳጇን መኪና በዚህ ሲከታተል ተገኘ፤ በአራት ወር በድምሩ 228 ጊዜ። በ2025 ደግሞ ኩባንያው ከፌዴራል የድንበር ጠባቂዎች ጋር የሙከራ ሥራ እንደነበረው አመነና አቆመ። የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀ ሰው በየቤታችን አለ፤ ይህ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በኦገስት 2020 እዚያው ኦሮራ የሆነውንስ ረሳሽው? ታርጋ አንባቢው ማሽን ላይ፣ ሞንታና ውስጥ የተሰረቀ ሞተር ሳይክል የታርጋ ቁጥር ከአንዲት እናት መኪና ታርጋ ጋር ገጠመና ፖሊሶች ሽጉጥ መዘዙ። ልጆቹን አስፋልት ላይ በደረታቸው አስተኟቸው። ትንሿ 6 ዓመቷ ነበር። በ2024 ከተማዋ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ማሽኑ ቁጥር ያነባል፤ መኪናዋ ሞተር ሳይክል አለመሆኗን ማየት የነበረበት ሰው ነው።

ስብሰባው ላይ ተነሺና ተናገሪ። እንግሊዝኛሽ ይበቃል፣ አትፈሪ። የት የት እንደሚተከል፣ እዚያ ቦታ ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንደተጎዳ ጠይቂያቸው። ኩባንያው የሚከፈለው በወር ነው ወይስ በትኬት? የሚከራከር ሰው ቪዲዮውን ያያል? ታርጋ የሚመዘግብ ከሆነማ ማን ይፈልግበታል፣ ፍለጋውንስ ማን ይመረምራል? መልሱን በቃል አትቀበዪ፤ ውሉን ይስጡሽ። ውሉ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ የመጠየቅ መብት አለሽ። ከመንገዱ ማዶ ልጆች ያሏቸውን ጎረቤቶችሽንም ይዘሽ ሂጂ፤ አንድ ሰው ሲናገርና አሥር ሰው ሲናገር የሚሰጡት ጆሮ ይለያያል።

ውሉን ካገኘሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቅዳሜ በጊዜ ነው ከሥራ የምወጣው፤ ስልክ ላይ ሆነን ገጽ በገጽ እናየዋለን። እስከዚያው ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ