አባዬ፣ ለጎረቤትህ እንዲህ በለው

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ።

የጎረቤትህ ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ፣ አባቷ «ልላካት ወይስ ትቅር?» እያለ እንደሚያማክርህ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። የእኔ ደብዳቤ የመጣ ጊዜ አገላብጠህ አይተህ «ነፃ የሚባል ነገር የለም» ያልከውን ረሳኸው? ሦስት ቀን ሳትፈርም ቆየህ፤ እኔም ሦስት ቀን አኮረፍኩህ።

ዛሬ ልመንልህ፤ እውነትህን ነበር። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውንና ማደሪያውን ቻለልኝ። የኪስ ገንዘቡ ግን ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ወር ቆይቶ ነው የደረሰው። እስከዚያ ትራንስፖርቱም፣ ፎቶ ኮፒውም፣ ሳሙናውም ከአንተ ኪስ ወጣ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የትም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፦ ቤት ብቀር ሠርቼ የማመጣው ገንዘብ። እሱን አራት ዓመት ሙሉ የከፈልከው አንተ ነህ። ያንን ኮት ስንት ዓመት እንደለበስከው ያላየሁ መሰለህ?

ደግሞ አትቆጣኝና፣ ዕድሉ የወንድሜ ቢሆን ሦስት ቀን ታስብ ነበር? ያለው ገንዘብ ለአንድ ልጅ ብቻ ሲበቃ ብዙ ቤት ወንዱ ይቀድማል። ስኮላርሺፕ ግን በልጅቱ ስም ነው የሚመጣው፤ ለወንድሟ ይተላለፍ አይባልም። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ «ላካት» በለው። ደብዳቤውን ግን በደንብ ያስነብብ። እርዳታ ነው ወይስ በኋላ የሚከፈል ብድር? የመጀመሪያው ገንዘብ መቼ ይገባል? ውጤቷ ስንት ከሆነ ይቋረጣል? ታማ አንድ ሴሚስተር ብታቋርጥ ቦታዋ ይጠበቅላታል? ስትመረቅ የማገልገል ግዴታ አለባት? አብራኝ ዶርም የነበረች ልጅ ነበረች፤ ውጤቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ለእረፍት ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ በዚያው ቀረች። ፈተና ወድቃ እንዳይመስልህ፤ መመለሻ ገንዘብ አጥታ ነው።

ማሪ ኩሪ የምትባለውን ሳይንቲስት ነግሬህ አውቃለሁ? በወጣትነቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች እያስተማረች የእህቷን የሕክምና ትምህርት ትደጉም ነበር፤ ከዚያ በተራዋ ፓሪስ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1893 የፊዚክስ ዲግሪዋን ይዛ ገንዘብ ባጠራት ጊዜ 600 ሩብል የስኮላርሺፕ ገንዘብ አገኘችና ሒሳብ ጨምራ ተማረች። በኋላ ሥራ ሠርታ ሲከፈላት፣ ማንም መልሺ ሳይላት፣ ሌላ ተማሪ ይጠቀምበት ብላ መለሰችው። ሁለቱ ኖቤሎቿ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። እኔን ግን ከሽልማቶቿ ይልቅ ይቺ 600 ሩብል ናት የምትገርመኝ።

የልጅቱን የመጀመሪያ ሁለት ወር እኔ እችላለሁ። ገንዘቡን በአንተ ስም እልከዋለሁ። ለአባቷ ከእኔ መሆኑን አትንገረው፤ ከልጅ መቀበል ይከብደዋል፤ ከአንተ ቢሆን ግን ይቀበላል።

ኮትም ልኬልሃለሁ። ለክት ብለህ እንዳታስቀምጠው።

ልጅህ