ዘጠኝ ወር ዝም ያልኩሽ

ሂሩትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ማዘር ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ዘጠኝ ወር ሙሉ ስልክሽን አላነሳሁም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ በቴክስት ሸኘሁሽ። ሥራ አልነበረም። የጡት ካንሰር ይዞኝ ስታከም ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ የምፈርስ መሰለኝ፣ ሸሸሁሽ። ይቅር በይኝ።

ሻወር ስወስድ ነው ያገኘሁት። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር። አያምም። ስላላመመኝ ሁለት ወር ተውኩት። ኋላ ስሄድ ዶክተሩ ዳሰሰኝና «ገና 41 ዓመትሽ ነው፣ በቤተሰብሽም የለም፤ ሦስት ወር እንየው» አለኝ። እግዜርን እያመሰገንኩ ወጣሁ። ሦስት ወሩ ሲሞላ ሽምብራው ባቄላ አክሏል። ሁለተኛ ደረጃ ተባልኩ። አንድ የብብት ዕጢ ውስጥም ገብቷል።

«ገና» የምትለዋ ቃል እስካሁን ታንገበግበኛለች።

ኬሞ እየወሰድኩ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። እዚህ አሜሪካ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጮቹ በመጠኑ ባነሰ ቁጥር ነው። የሚሞቱት ግን ወደ 40 በመቶ ይበልጣሉ። ከ50 ዓመት በታች ሲሆን ደግሞ እጥፍ ገደማ ነው። አንዱ ምክንያት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መገኘቱ ነው፤ ኢንሹራንስ የለም፣ ቀጠሮ ይርቃል፣ ከሥራ መቅረት ያስፈራል። ሌላው ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚሉት ዓይነት ነው። ቶሎ ያድጋል፣ የሆርሞን መድኃኒት አይሠራበትም፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ሁለት እጥፍ ያህል ይበዛል፣ በወጣትነት ዕድሜም ይመጣል። የኔም እሱ ነው። እኔና አንቺም በመዝገባቸው «ጥቁር» ተብለን ነው የምንቆጠረው። ስንት ፎርም ላይ ያቺን ሳጥን ሳላስብ ሞልቻታለሁ!

የሰፈራችን እትዬ ብርቄ ትዝ ይሉሻል? ነጠላቸውን በግራ በኩል ጠበቅ አድርገው ይዘው ሲሄዱ? ቁስሉ እስኪሸት ለሰው አልተናገሩም። አገር ቤት ዛሬም አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ በእኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ ከተገኘ እዚህ 99 በመቶ ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሩቅ የሰውነት ክፍል ከደረሰ ግን ሲሶ ያህሉ ብቻ። እህቴ፣ ይሄ ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺን እያሰብኩ ነው የነሳኝ።

ማሞግራም፣ የጡት ራጅ ማለት ነው፣ ተነስተሽ ታውቂያለሽ? ከ2024 ጀምሮ ምክሩ ከ40 ዓመት አንስቶ በየ2 ዓመቱ ነው፤ 50 እስኪሞላሽ አትጠብቂ። ኢንሹራንስ ካለሽ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አትከፍዪም። ያ ሥራሽ ቀርቶ ኢንሹራንስሽ ከተቋረጠም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሴቶች በየስቴቱ በነፃ የሚያነሳ ፕሮግራም አለ። በኛ ዕድሜ የብዙዎቻችን ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካንሰሩም ነጭ ነው፣ ይደበቃል። «ጥቅጥቅ ያለ ነው» ካሉሽ አልትራሳውንድ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። እብጠት ካገኘሽ ደግሞ «እንየው» ቢሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትወጪ።

እኔ ጨረሩንም ጨርሻለሁ። ፀጉሬ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ እየበቀለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እደውልልሻለሁ። ቀጠሮ የያዝሽበትን ቀን ትነግሪኛለሽ።

ያንቺው ሰናይት