ከቁንዱዶ በቃሬዛ ላወረዳችሁኝ

ተዘግቶ የከረመው ኢንተርኔት ተመለሰልን፣ ተመስገን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ምስጋና በሆዴ ይዤ ከረምኩ።

የሆነውን እዚህ ድሬዳዋ ለገሀሬ ሰፈር ውስጥ ያልሰማ ስለሌለ አላስረዝምም። አራት ጓደኛሞች የዱር ፈረሶቹን እናያለን ብለን ሐረር አካባቢ ያለው ቁንዱዶ ተራራ ላይ ወጣን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ጠዋት ስንወርድ ጭጋግ ውስጥ አዳለጠኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። በዋዜማው ማታ ድምፃዊው ሐጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን፣ መንገዱም መዘጋቱን የነገሩን እረኞች ናቸው።

ከሁሉ በፊት አዴ፣ ቤታቸው ያስታመሙኝ እናት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው። እሳቸውን ግን አንቺ ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ጓደኞቼ ደግፈው በራቸው ላይ ሲያደርሱኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እናትህ ታውቃለች?» ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ምን ልታደርግ መጣህ የለም። ያን ሰሞን ሰው ለጎረቤቱ እንኳን በር ሲከፍት ሁለቴ ያስብ ነበር። እሳቸው የራሳቸውን ሻሽ ፈቱ። ጠርዙን በጥርሳቸው ነክሰው ለሁለት ቀደዱት። ደረቅ የማሽላ አገዳ በግራና በቀኝ አድርገው እግሬን ጥፍር አድርገው አሰሩት። በኋላ ሐረር ላይ ሐኪሙ ሲፈታው «ማነው ያሰረው? እጁ ይባረክ» አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው። እስከዚያ አላለቀሰችም ነበር።

አራት ሌሊት እሳቸው ቤት አደርኩ። ያለችው አንዲት ፍራሽ ለኔ ሆነች፤ እሳቸውና የልጅ ልጃቸው ቁርበት ላይ ተኙ። ሌሊት እግሬ ሲጠዘጥዘኝ ይሰሙኛል። ዝም ብለው ይነሱና እሳት አንድደው ሆጃ፣ የቡና ገለባ በወተት፣ ያፈሉልኛል። ወተቱ የራሳቸው ላም ነው፤ ለልጁ የሚተርፈው ግማሽ ኩባያ እንደነበር በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጠዋት ጠዋት ስልኬን በላስቲክ ጠቅልለው ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ዕድሜያቸውም ሄዷል። እናቴ ኦሮምኛ ትሰማለች። «ልጅሽ በልቷል፣ ተኝቷል» ይሏታል። ሌላ አይጨምሩም። እናቴ እነዚያን ቀናት የቆመችው በሁለት ቃል ነው።

በአምስተኛው ቀን ቃሬዛ ሠርታችሁ፣ እየተፈራረቃችሁ ኤጀርሳ ጎሮ ድረስ የተሸከማችሁኝ ወጣቶች፣ ክንዳችሁ አይዛል። መንገድ ላይ የነበራችሁት ልጆችም፣ የደረደራችሁትን ድንጋይ በገዛ እጃችሁ አንስታችሁ አሳልፋችሁኛል። ከመሀላችሁ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ደረቴ ላይ ጣለልኝ። ጃኬቱ ታጥቦ እኔ ጋ ተቀምጧል። ስም አልጠየቅኩም፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ።

የጫት ፒክአፑ ሹፌር፣ ገንዘብ ስናወጣ ተቆጥተኸናል፤ ቁጣህንም እወደዋለሁ።

ሦስቱ ጓደኞቼ፣ ጥላችሁኝ መውረድ ስትችሉ አልወረዳችሁም። ይህ በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም፤ ቤት ስትመጡ እንነጋገራለን።

ሐረር ያከማችሁኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የሰፈራችን እድርተኞች፣ በር በሩን ስትሉ የከረማችሁ ጎረቤቶች፣ በዱዓም በጸሎትም ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። የዘለልኩት ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ሕመሙ ብዙ ነገር አስረስቶኛል፣ አትቀየሙኝ።

አንድ ነገር ልለምን። አዴ ይህን አያነቡም። ወደ ኤጀርሳ ጎሮ ገበያ የምትወጡ ካላችሁ ቅዳሜም ይሁን ሌላ ቀን ጠይቁልኝ፤ የተሰበረውን የድሬ ልጅ ያስታመሙት እናት ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ጀሶው ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል በሏቸው። በልቷል፣ ተኝቷል በሏቸው።