«ዶክተሬ» ስለሚለው መጠሪያ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ ጉዳዩን በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ መጨረስ ስላቃተኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ሲነጋገሩ፣ እንደ ልማድዎ «ዶክተሬ፣ ነጩን ጋዎን መቼ ነው የምትለብሺው?» ብለው ጠየቋት። እርሷም እየሳቀች መለሰችልዎ፤ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ግን ክፍሏ ገብታ እስኪመሽ አልወጣችም። ማታ ብሄድ ከበሩ ውጭ ቆማ፣ በሩ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት እያነበበች በእጅ ስልኳ ሰዓት ስትቆጥር አገኘኋት። የዛሬው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ቃለ መጠይቅ በብዙ ቦታ እንደ ድሮው አንድ ክፍል ገብቶ ከመምህራን ፊት መቀመጥ ብቻ አይደለም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጀመረውና ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋው አሠራር አመልካቹን ከበር ወደ በር ያዞረዋል፤ የተለጠፈውን ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ያህል ያነብባል፣ ገብቶ በስምንት ደቂቃ ገደማ ይመልሳል፣ ደወል ሲሰማ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። ልጅቷ የምትለማመደው ይህንን ነበር። የዚያ ምሽት ጥያቄ «ለታካሚ ክፉ ዜና የምትነግሪው እንዴት ነው?» የሚል ነው። እኔም ቆሜ ሰማኋት፤ ከእኔ የተሻለ ትነግራለች።

እርስዎ «ጎበዝ ተማሪ መቼም ቦታ አያጣም» ይላሉ። በእርስዎ ዘመን እውነት ነበር ይሆናል፤ አሁን ግን ጎበዞቹ ከቦታው በዝተዋል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለሕክምና መግቢያው ፈተና ሲቀመጡ፣ የነበረው ቦታ 110 ሺህ ገደማ ነበር። ፈተናውን በሚገባ ሠርተው ደጅ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ያስቡት። ለዚህ ነው ልጅቷ አምና ስታመለክት የደረሳት ባለ ሦስት መስመር መልስ «ብቁ አይደለሽም» የማይለው። የአመልካቹን ብዛት ብቻ ነው የሚጠቅሰው፤ እርሷ ግን «ብቁ አይደለሽም» ብላ ነው ያነበበችው።

ቦታው ለምን አይጨመርም ቢሉኝ፣ ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠሩት እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የመማሪያ አዳራሽ ማስፋት ይቻላል፤ አንድ ሕመምተኛ ግን በአንድ ጠዋት በስንት ተማሪ ሊዳሰስ ይችላል? አልጋውን የከበቡትን ተማሪዎች ግማሾቹን ወደ ኮሪደር ያስወጡ እንደነበር ነግረውኛል። አልጋው፣ አስተማሪው ሐኪምና ከምረቃ በኋላ የሚያስፈልገው የስፔሻሊቲ ሥልጠና አብረው ካላደጉ፣ ቅበላውን ብቻ ማሳደግ ችግሩን ጥቂት ዓመት ወደ ፊት መግፋት ነው። ጉዳዩ የአቅም ብቻም አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ለዓመታት በ3,058 ተወስኖ የቆየውን ዓመታዊ ቅበላ እ.ኤ.አ. በ2024 በ2,000 ለማሳደግ ስትነሣ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠልጣኝ ሐኪሞች ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ የ2026 ቅበላም ወደ ቀድሞው ቁጥር እንዲመለስ ተወሰነ።

ኔዘርላንድ ለረጅም ዓመታት የሕክምና ተማሪዎቿን በከፊል በዕጣ ትመርጥ ነበር፤ ውጤቱ ከፍ ያለው ዕድሉም ከፍ ይል ነበር። ይህንን አሠራር አቁማው ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቿ እንደገና እንዲጠቀሙበት ፈቅዳለች። መጀመሪያ ስሰማ አስቆኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በነጥብ ሽርፍራፊ የሚለያዩ ልጆችን «አንተ ትችላለህ፣ አንቺ አትችይም» ብሎ ከመለየት «ዕጣ አልወጣልሽም» ማለት ይቀልላል፤ ዕጣ ያልወጣላት ልጅ ቢያንስ ራሷን አትወቅስም።

አባቴ፣ ይህንን ሁሉ የምጽፈው ስለ ልጄ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔንም «ዶክተሬ» ይሉኝ እንደነበር ያስታውሳሉ። ሳይሳካልኝ ቀርቶ የሒሳብ ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ፣ ደፍሬ እስክነግርዎ አንድ ሙሉ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በዚያ ዓመት ደውለው «ዶክተሬ» ባሉኝ ቁጥር «አቤት» እያልኩ ዋሽቻለሁ። ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ ፍቅርዎንም አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ነገር ግን በዚያ ስም ሲጠሩኝ የሚወደደው የእርስዎ ልጅ ነው ወይስ ሐኪሙ፣ ለመለየት ይቸግረኝ ነበር። ልጅቷም ባለፈው ሳምንት «ዘንድሮም ካልሆነልኝ አያቴ ምን ብለው ይጠሩኛል?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ መልሱ የእርስዎ ነውና።

ቃለ መጠይቋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለ ፈተናው አይጠይቋት አልልዎትም፤ እንዲያውም ስለዚያ የክፉ ዜናው ጥያቄ ቢያወሩ ከእርስዎ የተሻለ አስተማሪ አታገኝም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሑድ ሲደውሉ በስሟ ይጥሯት።

አክባሪ ልጅዎ